ስም ከመቃብር በላይ፦ የዶክተር ሃካሩ ሃሺሞቶ የሕይወት ታሪክ

በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰው ግን ስማቸው በዓለም ዙሪያ ታውቆ ሕይወታቸው ያልታወቀ ናቸው። ስማቸውን ለፈተና እንሸመድደዋለን፣ ከፈተናው ማግስት ደግሞ እንረሳዋለን። እሳቸውም ጃፓናዊው ሐኪም ዶክተር ሃካሩ ሃሺሞቶ ናቸው።

አንድ የአዳማ ልጅ ስለ ጃፓን ሐኪም ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

የአዳማው ጋቢ

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ካንሰር ሲገኝባቸው ውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው ወስዳ አሳከመቻቸው። እዚያም በደም ሥር የሚሰጥ፣ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ታዘዘላቸው። እብጠቱ እየሟሸሸ ሄደ። እልል ተብሎ ወደ አዳማ ተመለሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ጊዜው ሚያዝያ ነበር። የአዳማን የሚያዝያ ሙቀት ለምታውቁ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ የሚሄድበት ወቅት ነው። እሳቸው ግን ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በርዶኛል ይላሉ። ፊታቸው አበጥ አበጥ አለ፣ ድምፃቸው ጎረነነ፣ ሆዳቸው ደረቀ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም መሳሳት ጀመሩ። ከአልጋ እስከ በር መሄድ ዳገት ሆነባቸው። ቡና ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ በሹክሹክታ ፈረደ፦ ካንሰሩ ተመልሷል፣ አለቀላቸው። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ሊሰናበታቸው የመጣ እስኪመስል ድረስ ቤቱ ጭር አለ። እሳቸውም ተስፋ ቆረጡ፤ ምግብ አስጠሉ፣ ኑዛዜም አነሱ።

ልጃቸው እዚያ ላሉት ሐኪም ነገሩን ስታማክር የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ይደረግላቸው ተባለ። ደም ተሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰሩ አልተመለሰም። የተጎዳችው አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ነበረች። የራሳቸው መከላከያ፣ ካንሰሩን እንዲዋጋ የተቀሰቀሰው ሠራዊት፣ በዚያው ግለት እጢዋንም መትቷት ነበር። በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ኪኒን ታዘዘችላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ጋቢው ወለቀ።

አበው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ በካንሰር ላይ የእጢ ሕመም። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ነገሩን ያስረዳን ሐኪም የሃሺሞቶ በሽታ ዘመድ ነው ሲለን፣ አልዋሻችሁም፣ እኔ ሃሺሞቶ የሞተር ሳይክል ስም መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም ልክ እንደኛ ከትንሽ ከተማ የወጣ ሰው።

ትውልድና ትምህርት

ዶክተር ሃካሩ ሃሺሞቶ የተወለዱት ሚያዝያ 28 ቀን 1873 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1881) በጃፓን ሚዬ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ኢጋ ከተማ በሚባለው አካባቢ ነው። ኢጋን በስም ባታውቋት በሥራዋ ታውቋታላችሁ፤ በየቪዲዮ ቤቱ ስናያቸው ያደግናቸው ኒንጃዎች ታሪካቸው ከሚነሳባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ እሷ ናት። ሃሺሞቶ ግን ከኒንጃ ቤት ሳይሆን ከሐኪም ቤት ነው የተወለዱት። ለቤቱ ሦስተኛ ወንድ ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸውም አያቶቻቸውም በሕክምና ሙያ ይታወቁ ነበር።

የተወለዱበት ዘመን ጃፓን የምትለወጥበት ዘመን ነበር። አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የዘጋችውን በር ከፍታ ልጆቿን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ትልክ ነበር። በሕክምና በኩል የመረጠችው የጀርመንን ትምህርት ነው። ስለዚህ አንድ የጃፓን የሕክምና ተማሪ ከሥጋና አጥንቱ ትምህርት ሌላ የጀርመንኛ ቋንቋም ማወቅ ግዴታው ነበር። እኛ ሕክምናን በእንግሊዝኛ እንደምንማረው ማለት ነው።

አድዋ ላይ ድል ስንቀዳጅ ሃሺሞቶ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኪዮቶ ከተማ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ፉኩኦካ በተባለችው ከተማ አዲስ ወደተከፈተው የሕክምና ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ ያን ጊዜ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ በኋላ ራሱን ችሎ የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። ይህን የኪዮቶን ስም ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲመረቁ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተመራቂዎች አባል ነበሩ። አዲስ ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያ ባች መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ መካከል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሚጠየቅ ሲኒየር የለም፣ የቆየ የፈተና ወረቀትም የለም።

አራቱ ሴቶች

ከምርቃት በኋላ ወጣቱ ሐኪም በፕሮፌሰር ሃያሪ ሚያኬ በሚመራው የቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ሚያኬ በጃፓን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የነበሩ ስመ ጥር መምህር ናቸው። ሃሺሞቶም በእሳቸው ሥር ሆነው አራት ዓመት ያህል ሠሩ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከእንቅርት ሕመምተኞች በቀዶ ሕክምና የወጡ የታይሮይድ እጢዎች ነበሩ። እንቅርት እንግዲህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ግዴታ ከመሆኑ በፊት በአገራችን ደጋ አካባቢዎች እንቅርት የሌለበት ገበያ አይገኝም ነበር። ብዙ ሰው ያለበትን ነገር ደግሞ ማንም ልብ ብሎ አያየውም። አንገቱ ካበጠ እንቅርት ነው፣ አለቀ።

ሃሺሞቶ ግን በዚያ አላለፉትም። ከአራት ሴቶች የወጣውን እጢ በስሱ እየቆረጡ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ሁሉም ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ነበር። በእጢው ውስጥ ያዩት ከተለመደው እንቅርት ጋር አልገጥም አላቸው። ሊምፎሳይት የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ነጭ ሕዋሳት እጢውን ወርረውታል። ወረራውም ዝም ብሎ መበተን አይደለም፤ ሕዋሳቱ ተሰብስበው ክብ ክብ ሰፈር ሠርተዋል፣ ልክ በንፍፊት ውስጥ እንደሚታየው። ሆርሞን የሚሠሩት የእጢው ሕዋሳት መልካቸው ተለውጧል፣ አንዳንዱ ጠፍቷል፣ በቦታቸውም ጠባሳ የሚመስል ጠንካራ ነገር ገብቷል። በቀላል አማርኛ፣ ጠባቂው ዘበኛ ቤቱን ወርሶ ባለቤቱን አስወጥቶታል።

ሃሺሞቶ ያዩትን ከሚታወቁ በሽታዎች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሪደል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንገት ውስጥ እንደ እንጨት የሚጠነክር የእጢ ሕመም መዝግቦ ነበር፤ የሃሺሞቶ ሕመምተኞች ከዚያ ይለያሉ። የምራቅና የእንባ እጢዎችን የሚያሳብጥ ሌላ የሚታወቅ ሕመምም ነበር፤ ከሱም ይለያሉ። ስለዚህ እስካሁን ያልተመዘገበ በሽታ ነው ብለው ደመደሙ። በላቲን ያወጡለት ስምም ሊምፎሳይት የወረረው እንቅርት እንደ ማለት ነው። የራሳቸውን ስም አልሰጡትም።

ጽሑፉን በጀርመንኛ ጽፈው በርሊን ወደሚታተመው የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ወጣ። 30 ገጽ ነው። ጸሐፊው ያኔ ገና 31 ዓመት ገደማ ነበሩ። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት የኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለ ጽሑፋቸውን አሳትመው ጃፓንን ለኢትዮጵያ ምሳሌ አድርገው አቅርበው ነበር። እሳቸው ጃፓን የምትማርበትን መንገድ ሲያደንቁ፣ አንድ የማያውቁት ጃፓናዊ ያን መንገድ በሥራ እያሳየ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሃሺሞቶ በሽታው ለምን እንደሚመጣ አልነገሩንም፤ ሊነግሩንም አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን አካል ያጠቃል ብሎ ማሰብ ብዙም ተቀባይነት አልነበረውም። ፖል ኤርሊክ የተባለው ታላቅ የጀርመን ሊቅ ተፈጥሮ እንዲህ ያለውን ነገር አጥብቃ ትከላከላለች ብሎ አስተምሮ ነበር። ሃሺሞቶ ያደረጉት ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ ብቻ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ጽሑፉ መቆየት ነበረበት።

ወደ አውሮፓ፣ ከዚያ ወደ ቤት

ጽሑፉ በወጣበት ዓመት ዶክተር ሃሺሞቶ ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ካውፍማን ከተባሉ የታወቁ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ዘንድ ተቀመጡ። እዚያ ያጠኑት የሽንት መተላለፊያ አካላትን ስለሚይዘው የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት ነው። ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። መንገዱ ሁሉ ክፍት ይመስል ነበር፤ በአውሮፓ የተማረ፣ በበርሊን መጽሔት ያሳተመ ሰው አገሩ ሲመለስ ፕሮፌሰር መሆኑ የማይቀር ነው።

ግን ምን ያደርጋል፣ እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጃፓን ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፋ የጀርመን ጠላት ሆነች። ሃሺሞቶ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጽሑፋቸውን ያወጣላቸው አገር ከአገራቸው ጋር ጦር ተማዘዘ፤ በጦርነት መካከል ደግሞ ስለ አራት ጃፓናውያን ሴቶች እንቅርት ማን ያነባል?

እ.ኤ.አ. በ1916 ዶክተር ሃሺሞቶ ዩኒቨርሲቲውን ትተው ትውልድ ቀያቸው ኢጋ ገቡ፤ የቤተሰባቸውንም የሕክምና ሥራ ያዙ። ዕድሜያቸው 35 ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በአዳማ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይዘረጋ የነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት አልተመለሱም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ቆጨኝ። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ ተምሮ ተምሮ ገጠር ገባ እንላለን። ጓደኞቼ ዕጣ ወጥቶባቸው አርሲ ነገሌ ወይም መተሐራ ሲመደቡ ፊታቸው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ያልሆነ ነገር ሁሉ የወደቀ ይመስለናል።

የከተማው ሐኪም

ዶክተር ሃሺሞቶ ግን 18 ዓመት በኢጋ ኖሩ። የከተማ ሐኪም ሆነው ማለት ነው፤ ቁስል የሚሰፉ፣ ትኩሳት የሚያዩ፣ በሌሊት የሚቀሰቀሱ። ስለ እሳቸው የተጻፈው ሁሉ ለሕመምተኞቻቸው የተጉ ሐኪም እንደነበሩ ነው የሚናገረው።

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 መገባደጃ ላይ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተዋል። በኋላም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ያን ጊዜ ሃሺሞቶ በሕይወት ነበሩ፤ ኢጋ ሆነው ሕመምተኛ ይቀበሉ ነበር።

በዚያው በ1931 ደግሞ ከጃፓን እጅግ ርቆ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ ነገር ተከሰተ። እስከዚያ ድረስ የምዕራባውያን ሐኪሞች የሃሺሞቶን በሽታ ካወቁትም ራሱን የቻለ ሕመም ነው ብለው አልተቀበሉትም ነበር፤ የሪደል ሕመም ጅማሬ ነው እያሉ ያልፉት ነበር። አለን ግሬሃም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ግን ነገሩን መርምሮ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። ሃሺሞቶ ከ19 ዓመት በፊት የጻፉት እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው በሽታው በስማቸው እየተጠራ የተስፋፋው።

ዶክተር ሃሺሞቶ ከዚያ በኋላ የኖሩት ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ሕመምተኞቻቸውን ሲያክሙ ታይፎይድ ያዛቸው። ታይፎይድ ምን እንደሆነ ለአዳማ ሰው አላብራራም፤ ከመካከላችን ለታይፎይድ ደም ያልሰጠ ማን አለ? እኛ መድኃኒት ውጠን በሳምንቱ እንነሳለን። ያን ጊዜ ግን መድኃኒት አልነበረውም። ታይፎይድን የሚያድነው የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎራምፌኒኮል ለሕመምተኛ መሰጠት የጀመረው እሳቸው ከሞቱ ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዶክተር ሃካሩ ሃሺሞቶ ጥር 1 ቀን 1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1934) በ52 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ከሞቱ በኋላ የተገኘው ምክንያት

ሃሺሞቶ ካረፉ 22 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ የዘበኛው ምስጢር ተፈታ። በአሜሪካ ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊተብስኪ ጥንቸሎችን በታይሮይድ ንጥረ ነገር ከትበው፣ የጥንቸሎቹ መከላከያ የገዛ ራሳቸውን እጢ ሲያጠቃ አሳዩ። በለንደን ደግሞ አይቫን ሮይት፣ ዲቦራ ዶኒያክና ባልደረቦቻቸው በሃሺሞቶ ሕመምተኞች ደም ውስጥ የራሳቸውን ታይሮይድ የሚቃወም አንቲቦዲ አገኙ። ተፈጥሮ አትፈቅድም የተባለው ነገር ተፈቅዶ ተገኘ። ሰውነት ራሱን ያጠቃል። ዛሬ ኦቶኢሚዩን የምንላቸው በሽታዎች ዝርዝር ረጅም ነው፤ የዚያን ዝርዝር በር ከከፈቱት መካከል እነዚያ አራት ጃፓናውያን ሴቶች አሉበት።

ታዲያ ይህ ከሰፈራችን እናት ጋር በምን ተገናኘ? አሁን ኪዮቶን ላስታውሳችሁ። ሃሺሞቶ የተማሩበት ኮሌጅ እናት በሆነው በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ታሱኩ ሆንጆ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በኋላ ሲጠና ይህ ፕሮቲን ፍሬን ሆኖ ተገኘ። ከሞጆ አዳማ መንገድ ላይ የተጫነ አይሱዙ ያለ ፍሬን ቢለቀቅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰውነታችንም ተከላካዮቹ የገዛ ቤታቸውን እንዳያፈርሱ ፍሬን አበጅቶላቸዋል። ካንሰር ተንኮለኛ ነውና ይህን ፍሬን ይረግጥና ተከላካዮቹን ያቆማቸዋል። በአሜሪካ ጄምስ አሊሰን ሌላ ፍሬን አጥንተው፣ ፍሬኑ ቢፈታ ሰውነት ካንሰሩን ሊበላው እንደሚችል አሳዩ። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ፍሬን የሚፈቱት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለሕክምና ፈቃድ እያገኙ መጡ። ቀድሞ ተስፋ በማይደረግባቸው የቆዳ፣ የሳንባና የኩላሊት ካንሰሮች ላይ ለብዙ ሰው ዓመታት ጨምረዋል። ዋጋቸው ግን ሰማይ ነው፤ ለአብዛኛው ወገናችን የማይቀመሱ ናቸው። ችግሩ ደግሞ ፍሬን ሲፈታ መኪናው ካንሰሩን ብቻ አይገጭም። ሆርሞን የሚያመነጩ እጢዎች ከሚገጩት ዋነኞቹ ናቸው። ታይሮይድ በብዛት ትመታለች፤ በአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከአሥር ታካሚ አንዱ ገደማ የታይሮይድ ሆርሞኑ ያንሰዋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተጎዳችው እጢ ያጠራቀመችውን ሆርሞን ትለቅቀዋለች፤ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል። ከሳምንታት በኋላ ጎተራው ባዶ ይሆንና ብርዱ፣ ድካሙ፣ እብጠቱ ይመጣል። የሰፈራችን እናት ጋቢ የዚህ ምዕራፍ ምልክት ነበር።

ከታይሮይድ የባሱም አሉ። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ትመታና ሌሎቹን እጢዎች የምታዝዝበት ድምፅ ይጠፋል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎችም ሊመቱ ይችላሉ፤ እንግሊዛዊው ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 የመዘገቡት ዓይነት ሕመም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ታካሚ ያስታውከዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ይዝለፈለፋል፤ ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት ቶሎ ካላገኘ ይሞታል። ኮርቲሶሉ ጎድሎ ሳለ የታይሮይድ ኪኒን ብቻ ማስቀደም ደግሞ ያባብስበታል። ቆሽት ላይ ከወደቀም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመም ይመጣል። ሕመሞቹ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚከሰቱ ቢሆኑም፣ መድኃኒቱ ካቆመ በኋላም ሊመጡ ይችላሉ።

ደስ የሚለው ነገር የጎደለውን ሆርሞን መተካት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፤ ግን ኪኒን ነው። ታይሮይድ ስለተመታች ብቻ የካንሰሩን ሕክምና ማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አደጋው ያለው ምልክቱን የካንሰሩ ነው ብሎ ማለፍ ላይ ነው። በሽታው የሚታከም ሆኖ ሳለ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

እኛስ?

እንግዲህ የዶክተር ሃሺሞቶን ሕይወት ሳጠቃልለው አንድ ነገር ይታየኛል። ሌሎች እንቅርት ነው ብለው ያለፉትን እሳቸው ቆም ብለው አዩት። የሰፈራችን ሰው ካንሰሩ ነው ብሎ ያለፈውን ደግሞ አንዲት ልጅ ቆም ብላ ጠየቀችበት። ሁለቱም የሚመሳሰሉት ያየሁት ነገር ስሙ በእርግጥ ይህ ነው ወይ ብለው በመጠየቃቸው ነው።

ይህ ደግሞ ትልቅ ከተማ አይጠይቅም። የኛው ስምጥ ሸለቆ ምስክር ነው። በወንጂና በአካባቢው የሰው ጥርስ ይበልዛል፣ ጉልበትና ወገብ ይደርቃል። ሰዉ ለምዶት የአገሩ ነገር ነው ይለው ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ግን ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ያመጣው ጉዳት መሆኑን መርምረው ለዓለም ጽፈዋል። መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም፣ አርሲ ነገሌም እስካሁን ማንም ልብ ያላለው ነገር አይጠፋም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ታይፎይድ ታይፈስ ብቻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ነገ ስንመደብ አንድ ታካሚ ካንሰር ታክሜ ነበር ካለን የወሰደውን መድኃኒት ስም እንጠይቅ። ውጭ አገር የታከሙ ዘመዶቻችን መድኃኒቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው እንዲመጡ እንንገራቸው። በሙቀት አገር የሚበርደው ሰው ስናይ ዝም ብለን አንለፍ። ባለቤቱ ስሙን ሳይሰጠው በሽታው በስሙ የተጠራለት ሰው፣ ከፉኩኦካ ላቦራቶሪ ይልቅ በኢጋ ሐኪም ቤት ብዙ ዓመት ኖሯል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሃሺሞቶ ስም ከመቃብር በላይ ውሎ ከጃፓን አዳማ ድረስ መጥቶ አንዲት እናት አስነስቷል።

እናታችን ዛሬ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው ቁርሳቸውን ይበላሉ። የካንሰር ክትትላቸውንም አላቋረጡም። ሚያዝያ ሲመጣም እንደ ማንኛውም የአዳማ ሰው ሙቀቱን ያማርራሉ። እኔ ሲያማርሩ ስሰማ ደስ ይለኛል።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።